የገርባ ቤት ፖሽ የሆነ ዕለት

[ቡራዩ፣ እሑድ ጠዋት፣ ጥር መጀመሪያ ሁለት ሺህ ስምንት። የገርባ ቤት ጓሮ። ጎመን ተተክሏል፣ ከጎኑ ማድቤት አለ። ከሩቅ የጎማ ጭስ ይታያል። ገርባ ገበሬ ነው፣ ኮት ደርቧል። ኡዘይር ጎረቤቱ ነው፣ መንገድ ዳር ባለው ሱቁ መጋረጃ ይሸጣል፣ ክራባት አስሯል። ሳሎን ውስጥ የገርባን ልጅ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ቆመዋል። ሁለቱ ጓሮ ወጥተው ይከራከራሉ።]

ኡዘይር፦ ስለ ላም አይጠየቅም አልኩህ፣ አይጠየቅም!

ገርባ፦ ሰው ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ ከብቶቹ ደህና ናቸው ወይ ሳልለው? ምን በደለኝ?

ኡዘይር፦ የቦሌ ሰዎች ናቸው። ቦሌ ላም የለም!

ገርባ፦ ወተት ይጠጡ የለ?

ኡዘይር፦ በላስቲክ ነው የሚጠጡት።

ገርባ፦ ላስቲኩን ማን ያልበዋል?

ኡዘይር፦ ያ ረቢ! ስማኝ ገርባ። ቅድም በር ላይ "አከም ጅርቱ፣ ፈያ ነጋያ? ልጆቹስ? ከብቱስ? ጎረቤቱስ?" ስትላቸው፣ ወላሂ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሰዎቹ እኮ ፖሽ ናቸው።

ገርባ፦ ምን ናቸው?

ኡዘይር፦ ፖሽ!

ገርባ፦ በሽታ ነው ወይስ ሥራ?

ኡዘይር፦ እንግሊዝኛ ነው።

ገርባ፦ እነሱ ግን አማርኛ ነው ያወሩኝ። ደግሞ ቦሌ ናቸው ስልህ እንዲያው ቦሌ አይደለም፣ ቦሌ ቡል...

ኡዘይር፦ በቃ! ቦሌ ካልክ ሌላ ምን ቀረ? ካፖርት የለበሱትን ሽማግሌ አላየሃቸውም? እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ! እንዲህ ያለ ካፖርት ሰው በዓይኑ አይቶ "አከም ጅርቱ" ይላል?

ገርባ፦ እሱን ተወው። የኔ ጭንቀት ሌላ ነው። ልጄ ሄመን አልመጣችም።

ኡዘይር፦ ከሱሉልታ?

ገርባ፦ ከሱሉልታ። ትናንት ክሊኒኩ ተረኛ ነበረች፣ በጠዋት እመጣለሁ ብላኝ ነበር። መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ። መኪና የለም። ስልኳ ቢደወል አይጠራም። "አባ፣ እኔ ሳልመጣ ለሰዎቹ ቃል እንዳትሰጥ" ብላኛለች። እኔም አፌን ሞልቼ እሺ ብያታለሁ።

ኡዘይር፦ ታዲያ ቀጠሮ ስጣቸዋ።

ገርባ፦ ሁለቴ "ዘመድ ላማክር" ብዬ መልሻቸዋለሁ፣ ይሄ ሦስተኛቸው ነው። ዛሬም መልስ ካላገኙ እምቢ ተባልን ብለው ነው የሚሄዱት። ሽማግሌ ተቀይሞ ከወጣ ደግሞ አይመለስም።

ኡዘይር፦ እንግዲያው እውነቱን ንገራቸው። "ልጄን እየጠበቅኩ ነው" በላቸው።

ገርባ፦ [ደንግጦ] እኔ? ሽማግሌ ፊት? ገርባ አፉን ለልጁ አከራየ ሊባል? ወንድሞቼ ጋ በምን ዓይኔ እቆማለሁ?

ኡዘይር፦ ይሄ ሁሉ የባላገር ጣጣ ነው። ነገሩ ያልቀናህ ለምን እንደሆነ ልንገርህ? ሁለቱንም ጊዜ ያለ እኔ ተቀበልካቸው። እኔ ዱከም ዕቃ ላመጣ ስሄድ ጠብቀህ ነው ሰው የምትጠራው። ፖሽ እንግዳ አያያዝ አለው።

[ገርባ የጎመኑን መደብ አሻግሮ በሱሉልታ በኩል ወዳለው ተራራ ያያል። ማንም የለም። ወደ ኡዘይር ይመለሳል።]

ገርባ፦ እስቲ አስተምረኝ። ፖሽ ምንድን ነው? ቀስ ብለህ አስረዳኝ፣ እኔ ነገር ቶሎ አይገባኝም።

ኡዘይር፦ እሱን አውቃለሁ። ፖሽ ማለት... [ክራባቱን ያስተካክላል] ፖሽ ማለት እንግዲህ ፖሽ ነው።

ገርባ፦ እዚህ ድረስ ገብቶኛል። ቀጥል።

ኡዘይር፦ ኑሮው ከፍ ያለ፣ ጠባዩ ለስለስ ያለ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ማለት ነው።

ገርባ፦ ሀብታም።

ኡዘይር፦ አይደለም! ሀብታም ሌላ፣ ፖሽ ሌላ። ሀብታም ገንዘቡን ያሳይሃል። ፖሽ ግን ገንዘብ እንዳለው ራሱም የረሳ ነው የሚመስለው።

ገርባ፦ እኔም እኮ ረስቼዋለሁ።

ኡዘይር፦ አንተ የለህማ!

ገርባ፦ ለዚህ ነዋ የረሳሁት። እሺ፣ ዘናጭ ማለት ነው?

ኡዘይር፦ ዘናጭ በልብሱ ነው፣ ማታ ሲያወልቀው ያበቃል። ፖሽ ግን ራቁቱንም ፖሽ ነው።

ገርባ፦ ቀስ በል፣ ሚስቴ ጠጅቱ ማድቤት ናት፣ ትሰማለች። ጨዋ ማለትስ አይሆንም?

ኡዘይር፦ ጨዋማ አንተም ጨዋ ነህ።

ገርባ፦ እግዜር ይስጥልኝ።

ኡዘይር፦ ማመስገኔ አይደለም፣ ልዩነቱን እያሳየሁህ ነው!

ገርባ፦ ዳለቻው በሬዬን ታውቀዋለህ። ጤዛ የነካው ጭድ አይበላም። ሌላ በሬ አጠገቡ ከቆመ ፊቱን ያዞራል። እሱስ?

ኡዘይር፦ በሬ ፖሽ አይሆንም።

ገርባ፦ ለስለስ ያለ ነው። ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። ኑሮው እንኳ ከኔ ይሻላል።

ኡዘይር፦ በሬ ነው አልኩህ፣ በቃ! ቃሉ የሚነገረው ለሰው፣ ለቤት፣ ለሰፈር፣ ለአነጋገር ነው። "ፖሽ ሰፈር" ትላለህ። "ፖሽ ቤት" ትላለህ። "ፖሽ በሬ" አትልም።

ገርባ፦ የአዲስ አበባው ማስተር ፕላንስ? ፖሽ ማስተር ፕላን ይባላል? ካርታው ላይ የኔ ጓሮ አረንጓዴ ተቀብቷል እያሉ ያወራሉ።

ኡዘይር፦ አረንጓዴ ማለት መናፈሻ ነው። ፖሽ ሰው ውሻውን ይዞ የሚንሸራሸርበት።

ገርባ፦ ጎመን እኮ ነው ያለበት። አሁንስ ምን ቀለም ሆኖ ታያቸው?

ኡዘይር፦ ጎመን አረንጓዴ አይባልም። ጎመን ጎመን ነው።

ገርባ፦ ለዚህ ይሆናል ልጆቹ መንገድ ላይ ድንጋይ የሚደረድሩት።

ኡዘይር፦ ፖለቲካ አታምጣብኝ፣ ሱቄ መስታወት ነው።

[ከማድቤት የጠጅቱ ድምፅ ይሰማል፦ "አንቺ ወንበር አታምጪ አሉኝ! አንቀመጥም አሉ!"]

ገርባ፦ ሰማህ? አንቀመጥም ብለዋል።

ኡዘይር፦ [እጁን ያጨበጭባል] አላልኩህም! ኮክቴል ነው!

ገርባ፦ ማነው እሱ ደግሞ?

ኡዘይር፦ ፖሽ ግብዣ ላይ ሰው አይቀመጥም። ቆሞ ይጠጣል፣ ቆሞ ያወራል፣ ቆሞ ፈገግ ይላል። ወንበር ጠፍቶ እንዳይመስልህ።

ገርባ፦ ሽማግሌ እኮ ጉዳዩ ሳይመለስለት አይቀመጥም። የአባቶቻችን ደንብ ነው።

ኡዘይር፦ ያ የባላገር መቆም ነው። ይሄ የፖሽ መቆም ነው። አቋቋማቸውን አላየህም? አንድ እግር ወደ ፊት፣ አንድ እግር ወደ ኋላ።

ገርባ፦ መኪና ስለሌለ ከኬላው እዚህ ድረስ በእግራቸው ነው የመጡት። አንዱን እግር እያሳረፉ ይሆናል።

ኡዘይር፦ ፖሽ ሰው አይደክመውም!

ገርባ፦ አንተ ይሄን ሁሉ ከየት አወቅህ ግን?

ኡዘይር፦ ቦሌ አንድ ቪላ መጋረጃ ስሰቅል ነዋ። እኔ መሰላል ላይ ነኝ፣ እነሱ ከታች ምሳ ይበላሉ። ሁሉንም ከላይ ሆኜ አየሁት። መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ሾርባ፣ ከዚያ ትንሽ ነገር በትልቅ ሳህን፣ ከዚያ ጣፋጭ። ጉዳይ የሚባል ነገር የተነሣው ከጣፋጩ በኋላ ነው።

ገርባ፦ ለአንተስ ምን አቀረቡልህ?

ኡዘይር፦ ፖሽ ናቸው እያልኩህ!

ገርባ፦ ይቅርታ። እና በየመሃሉ ይቆያል?

ኡዘይር፦ ይቆያል ትለኛለህ? ሾርባው ከገባ ጀምሮ ትንሹ ነገር እስኪመጣ ሁለት መስኮት ጨረስኩ። ጣፋጩ ሲደርስ አራተኛውን ጀምሬ ነበር።

ገርባ፦ [ፊቱ ይበራል] ሁለት መስኮት! ኡዘይር ወንድሜ፣ ይሄ ፖሽ የምትለው ነገር ደስ እያለኝ መጣ። እንግዲህ እኔ አበላሸዋለሁ፣ አንተ ግባና አስተናግዳቸው። ጉዳዩን ሊያነሡ ቢሉስ?

ኡዘይር፦ ለሱ አታስብ። ማስታጠቢያውን አቀብለኝ። ውስጡ ሎሚ ይንሳፈፍበታል።

ገርባ፦ ሎሚ የለም። ጤና አዳም አለ።

ኡዘይር፦ ጤና አዳም ፖሽ አይደለም... ይሁን፣ አምጣ። ቅጠሉን ብቻ። ይንሳፈፍ።

[ኡዘይር ማስታጠቢያውን ከፍ አድርጎ ይዞ ይገባል። ገርባ ጉቶ ላይ ወጥቶ ወደ ተራራው ያያል። ሩቅ፣ ሩቅ የሰው ጩኸት ይሰማል። ኡዘይር እንደያዘው ይመለሳል።]

ገርባ፦ [ከጉቶው ይወርዳል] እህ? ታጠቡ?

ኡዘይር፦ አልታጠቡም። "የመጣንበት ሳይመለስ የቤታችሁን ውሃ አንነካም" አሉኝ።

ገርባ፦ ተቀየሙ ማለት ነው?

ኡዘይር፦ ምን ተቀየሙ፣ እየፈተኑን ነው እንጂ! ፖሽ ሰው የሚፈልገውን ነገር አልፈልግም ነው የሚለው።

ገርባ፦ እኛም እስክንለመን ድረስ አልፈልግም እንላለን።

ኡዘይር፦ እናንተ ስትለመኑ ትበላላችሁ። እነሱ ሲለመኑ ይቀየማሉ። "ብሉ እንጂ፣ በሞቴ፣ አፈር ስሆን" ብትላቸው አለቀልህ። እኔ ምን አደረግኩ መሰለህ? ጎንበስ፣ ፈገግ፣ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ፣ ከዚያ ወጣሁ። የተበሳጩ መስለው እርስ በርስ ተያዩ። በልባቸው ግን አድንቀውኛል።

ገርባ፦ ጉዳዩንስ አነሡ?

ኡዘይር፦ ባለ ካፖርቱ "እንግዲህ የመጣንበት..." ብለው ሲጀምሩ፣ ጣቴን እንዲህ አፌ ላይ አድርጌ "በፖሽ ቤት ጉዳይ ከጣፋጭ በኋላ ነው" አልኳቸው።

ገርባ፦ ምን አሉ?

ኡዘይር፦ ወደ ጓደኞቻቸው ዞር አሉ። ቀጥለው "ባለቤቱ የት ናቸው?" ብለው ጠየቁኝ። "በፖሽ ቤት ባለቤት መጨረሻ ነው የሚገባው" አልኳቸው።

ገርባ፦ ኧረ አንተ! ምን ያህል መጨረሻ?

ኡዘይር፦ አንተ ቁጭ በል። እኔ እጠራሃለሁ። አሁን ሾርባ።

ገርባ፦ ሾርባ የለንም። ጠጅቱ ዶሮ ሠርታለች፣ ጭኮም አለ።

ኡዘይር፦ ዶሮ ለመጨረሻ ይቆይ። ጭኮ ምንድን ነው ይባላል እንግዲህ... በሶ በቅቤ፣ ኬክ በለው። ትንሽ ቆርጠህ ትልቁ ሳህን መሃል ላይ አድርግ።

ገርባ፦ [ይቆርጣል] ይሄን ያህል?

ኡዘይር፦ ምነው፣ ግንብ ልትሠራ ነው? ቀንስ።

ገርባ፦ ይሄንስ?

ኡዘይር፦ ቀንስ!

ገርባ፦ ከዚህ በታች ለጉንዳን ነው። የቀረው ሳህን ታዲያ ምን ይሠራል?

ኡዘይር፦ ሳህኑ ለዓይን ነው። ፖሽ ሰው መጀመሪያ በዓይኑ ይበላል።

ገርባ፦ በአፉስ መቼ ይበላል?

ኡዘይር፦ ቤቱ ሄዶ።

ገርባ፦ [ሳህኑን ያቀብለዋል] ቀስ ብለህ ሂድ እሺ። አትቸኩል። ፖሽ ሰው አይቸኩልም፣ አይደል?

ኡዘይር፦ [ረክቶ] አየህ? እየገባህ ነው። ከሰው ጋር የዋለ እንዲህ ነው።

[ኡዘይር ገብቶ ይቆያል። ገርባ ጉቶው ላይ ይወጣል። ከተራራው ሥር አንዲት ጥቁር ነጥብ ትንቀሳቀሳለች። ትኩር ብሎ ያያል። ላም ናት። ይወርዳል። ኡዘይር ይመለሳል፣ ጭኮው እንዳለ ነው።]

ገርባ፦ ይሄንንም አልነኩትም?

ኡዘይር፦ በእጃቸው አልነኩትም። ግን አንደኛው ሽማግሌ እንዴት እንዳየው! ዓይኑን ከሳህኑ ላይ ማንሣት አቃተው። ሳህኑን ወደ ቀኝ ስወስደው ዓይኑ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ስወስደው ወደ ግራ። ያ ነው በዓይን መብላት። ሌላኛውማ ሆዱ ጮኸ።

ገርባ፦ የፖሽ ሰው ሆድ ይጮሃል እንዴ?

ኡዘይር፦ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ገርባ፦ ኡዘይር፣ በእውነት ሰዎቹ ርቧቸው እንዳይሆን? ነውር እንዳንሠራ።

ኡዘይር፦ አትደንግጥ አልኩህ! ባለ ካፖርቱን ብታያቸው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እንዲህ ነው ፖሽ ሰው ሲዝናና።

[የጓሮው በር ይከፈታል። ካፖርት የለበሱት ሽማግሌ፣ አቶ ፈቀደ፣ እያነከሱ ብቅ ይላሉ። ገርባ ለእሳቸው ሳይታይ ቶሎ ብሎ ማድቤት ይገባል።]

ፈቀደ፦ ይቅርታ ጌታው። እርስዎ እዚህ ቤት... አጋፋሪ ነዎት?

ኡዘይር፦ [ደስ ብሎት ደረቱን ይነፋል] አጋፋሪ? እንግዲህ እንደዚያ በሉት።

ፈቀደ፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር። ውስጥ ሆነን ከጓደኞቼ ጋር ተመካከርንበት፣ አልገባንም። ቅድም የሚሉት ፖሽ ምንድን ነው?

ኡዘይር፦ [ይስቃል] እርስዎ እኔን? አሁንም ይፈትኑኛል!

ፈቀደ፦ ኧረ በልጆቼ! ባለፈው ሁለቴ ስንመጣ ኦቦ ገርባ አቅፈው ነው የተቀበሉን። እስከ ላሞቼ ድረስ ደህንነት ጠይቀውኛል። ዛሬ ግን ከበር ሰላምታ በኋላ ጠፉ፣ ቤቱ ምን ሆነ ብዬ ነው።

ኡዘይር፦ ላሞች? እርስዎ? ቦሌ?

ፈቀደ፦ ቦሌ ቡልቡላ፣ ጫፉ ላይ። ከኛ ወዲያ እርሻ ነው። ጥቂት ላሞች አሉኝ፣ ወተት እየሸጥኩ ነው የምኖረው።

ኡዘይር፦ ካፖርቱስ?

ፈቀደ፦ የሰፈራችን ዘበኛ ነው ያዋሰኝ። ማታ ለጥበቃ ይፈልገዋል፣ እንዳላስመሸው ነው የምጨነቀው።

ኡዘይር፦ [ድምፁ ይደክማል] አቋቋምዎ ግን... አንድ እግር ወደ ፊት...

ፈቀደ፦ ጫማው ልኬ አይደለም፣ በልጆቼ። ከኬላው ጀምሮ ልጦኛል። [ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው] ዋናው እሱ አይደለም። ጓደኞቼ "ቤቱ ፖሽ ነው ተብሏል፣ እነዚህ ሰዎች ከብደውናል፣ ልጃችን የኛ የድሃ ልጅ ነው፣ ሳንዋረድ እንሂድ" እያሉ ነው። ጭሱም እየበዛ ነው። ከሰዓት በኋላ መንገዱ ለእግረኛም አይለቀቅም ብለውናል። እኔ ልጅቷን አይቻታለሁ፣ እንዲህ ያለች ልጅ እንድታመልጠን አልፈልግም። መልስ ካለ ግን አሁን ይነገረን። ከሌለም ተነሥተናል።

[ኡዘይር ላብ በላብ ሆኖ ማድቤት ይገባል፣ ገርባን በክንዱ ስቦ ወደ ጥግ ይወስደዋል።]

ኡዘይር፦ [በሹክሹክታ] ገርባ፣ አለቀ! ሰውዬው ፖሽ አይደሉም!

ገርባ፦ አይደሉም?

ኡዘይር፦ ላም አላቸው!

ገርባ፦ ውይ! ምነው ቀድሜ በጠየቅኩ።

ኡዘይር፦ ሊሄዱ ነው። እኛ ነን ፖሽ የመሰልናቸው። ግባና እሺ በላቸው፣ ቶሎ!

ገርባ፦ [አንገቱን አስግጎ ወደ ተራራው ያያል። ግንባሩን ይጠርጋል] እሺ ማለት አልችልም። ቃል ሰጥቻለሁ። ሄመን መጥታ ሽማግሌ ሸኝቼ ብታገኘኝ ታዝንብኛለች፣ እሺ ብዬ ብታገኘኝ ግን መቼም አታምነኝም። ኡዘይር፣ ፖሽ ሰው እንግዳውን እንዴት ነው የሚሸኘው?

ኡዘይር፦ ምን?

ገርባ፦ አሸኛኘቱን ነው የምልህ።

ኡዘይር፦ ሰውዬው ፖሽ አይደሉም እያልኩህ!

ገርባ፦ ላም ያለውም ሰው ይሸኛል። ወይስ አሸኛኘቱን አላየህም? ያኔ ከመሰላሉ ወርደህ ነበር?

ኡዘይር፦ [ተናዶ] እኔ? አላየሁም? በር ላይ ቆመው ሲሰነባበቱ ብቻ ሙሉ የሳሎን መጋረጃ ሰቅያለሁ! ና ለራት ትላለች፣ አይ ሌላ ቀን ይላል፣ ቦርሳ ረሳሁ ብሎ ይመለሳል፣ ደግሞ ከመጀመሪያው...

ገርባ፦ ለእሳቸው አሳያቸው። በነገር ሳይሆን በተግባር። እኔ ቶሎ አይገባኝም።

[ኡዘይር ይወጣል። አቶ ፈቀደን እጃቸውን ይይዛል።]

ኡዘይር፦ ጌታዬ፣ ከመሄድዎ በፊት እንደ ደንቡ ላሰናብትዎት። እጅ እንዲህ ይያዛል፣ አይጨበጥም፣ ይንሳፈፋል። ሦስት እርምጃ ይኬዳል። ይቆማል። "ምነው ቸኮሉ" እላለሁ።

ፈቀደ፦ መንገዱ ሊዘጋ ነዋ።

ኡዘይር፦ እንደሱ አይባልም። "ደግሞ ሌላ ቀን" ነው የሚሉት።

ፈቀደ፦ [ግራ ገብቷቸው] ደግሞ... ሌላ ቀን?

ኡዘይር፦ ቆንጆ! አሁን የአየሩን ነገር እናነሣለን። ዛሬ ቀዝቀዝ ብሏል።

ፈቀደ፦ ኧረ ጭስ ነው።

ኡዘይር፦ ጭስ አይነሣም። አየር ብቻ። አሁን ተመልሰው ቦርሳዎን ረስተው...

ፈቀደ፦ ቦርሳ የለኝም። ጌታዬ፣ እግሬ...

ኡዘይር፦ እንግዲያው ከመጀመሪያው። ሦስት እርምጃ!

[በጎመኑ መሃል የሰው ኮቴ ይሰማል። ሄመን በእሾህ የተቧጨረ ክንዷን ይዛ፣ ነጭ የነርስ ጋውኗ ጭቃ ለብሶ፣ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ትመጣለች። ከማድቤቱ ጎን ቆማ ትንፋሿን ትሰበስባለች። ገርባ ብቻ አይቷታል። ይጠጋታል።]

ገርባ፦ [ዝቅ ባለ ድምፅ] በተራራው ነው የመጣሽው?

ሄመን፦ በእግሬ። [ሽማግሌውን አሻግራ ታያለች] ያ ኡዘይር አቶ ፈቀደን ምን እያደረጋቸው ነው?

ገርባ፦ እየሸኛቸው ነው። አንቺን እየጠበቅኩ ነበር። ምን ልበላቸው?

ሄመን፦ [ፊቷን በሻርፗ ጥግ ትሸፍናለች] እሺ በላቸው፣ አባ።

ገርባ፦ ከልብሽ ነው? መንገድ ስለተዘጋ፣ ሰው ስለቆመ ብለሽ እንዳይሆን።

ሄመን፦ ከልቤ ነው። ደግሞ ቁጭ በሉ በላቸው፣ ነውር ነው፣ እግራቸው አብጧል።

[ሄመን ማድቤት ትገባለች። ገርባ ወገቡን ቀና ያደርጋል። ኮቱን ይቆልፋል። ወደ ሁለቱ በፍጥነት ይሄዳል።]

ገርባ፦ አቶ ፈቀደ! ይግቡ፣ ይግቡ! ልጄ ልጃችሁ ናት፣ ሰጥቻችኋለሁ! ቁጭ በሉ፣ ጫማዎትን ያውልቁ! ጠጅቱ፣ ዶሮውን አውጪ፣ ሙቅ ውሃም አድርጊላቸው! ላሞቹስ፣ ደህና ናቸው?

ፈቀደ፦ [እንባ ቀድሟቸው] ደህና ናቸው፣ ደህና ናቸው! አንዷ ወልዳለች!

ገርባ፦ ምን?

ፈቀደ፦ ጊደር!

ገርባ፦ እልል በይ ጠጅቱ!

[ከማድቤት እልልታ። አቶ ፈቀደ እያነከሱ፣ ግን እየሮጡ ይገባሉ። ከሳሎን የወንበር መጎተት፣ የሳቅ፣ የሳህን ድምፅ ይሰማል። ኡዘይር እጁ አየር ላይ እንደተንሳፈፈ ቆሞ ቀርቷል።]

ኡዘይር፦ ቆይ... ቆይ እስቲ ገርባ። ሄመን መጣች?

ገርባ፦ መጣች።

ኡዘይር፦ እና... እነዚህ ሰዎች ፖሽ እንዳልሆኑ አንተ ታውቅ ነበር?

ገርባ፦ ሁለቴ ቤቴ መጥተው እንዴት አላውቅም?

ኡዘይር፦ ላም እንዳላቸውም?

ገርባ፦ ጠይቄያቸዋለሁ እኮ። ላም የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

ኡዘይር፦ ታዲያ ያ ሁሉ ጥያቄ? በሬው? ጓሮው? ጉሮሮዬ እስኪደርቅ "አልገባኝም፣ አስረዳኝ" ስትለኝ የዋልከው?

ገርባ፦ አንተ ማስረዳት ከጀመርክ መሃል ገብቶ ሌላ ነገር ማንሣት የሚችል ሰው ቡራዩ ውስጥ አልተወለደም። ይሄን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። "ልጄን ልጠብቅ" ብዬ ሽማግሌ ፊት ከማፍር፣ ፖሽ ላይ አሳበብኩ።

ኡዘይር፦ [ክራባቱን እያላላ] ስለዚህ እኔን...

ገርባ፦ ልጆቹ መንገዱን በድንጋይ ዘጉት። እኔ ደግሞ ሳሎኑን በአንተ ዘጋሁት።

ኡዘይር፦ ድንጋይ ነህ እያልከኝ ነው?

ገርባ፦ [አቅፎት ወደ በሩ እየወሰደው] ኧረ በማርያም! ድንጋይማ የአስፋልት ነው። አንተ የሳሎን ነህ። እብነ በረድ!